ከሽንፈት በኋላ ወንበሯ ያልተነሳባት አሰልጣኝ

የደቡብ አፍሪካ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ባንያና ባንያና በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ የተጫወተው በ2019 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ ተሸነፈ። በስፔን 3 ለ 1፣ በቻይና 1 ለ 0፣ በጀርመን 4 ለ 0። ከዚያ ሦስት ወር ሳይሞላ ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ማጣሪያ ከጎረቤት ቦትስዋና ጋር ተገናኘ። ደርሶ መልሱ ያለ ጎል አለቀና በመለያ ምት ቦትስዋና አለፈች።

በአንድ ክረምት ሁለት ውድቀት ማለት ነው። በኛ አህጉር እንዲህ ሲሆን ቀጥሎ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፌዴሬሽኑ ይሰበሰባል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ አሰልጣኙ ይሰናበታል። ብዙ ጊዜም አንድ የውጭ ዜጋ ይመጣል።

የባንያና አሰልጣኝ ዴዚሬ ኤሊስ ግን አልተባረረችም። ቡድኑን እንደያዘች ቀጠለች። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የአፍሪካ ዋንጫን አነሳች። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ቡድኗን ከዓለም ዋንጫ ምድብ አሳለፈች። የደቡብ አፍሪካ ዋና ብሔራዊ ቡድን፣ የወንዶቹንም ጨምሮ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን አድርጎ አያውቅም ነበር።

ስለ ኤሊስ ብዙ ተብሏል። አብዛኛው ስለ ጽናቷ ነው። ጽናቷ እውነት ነው፣ ማንም አይክደውም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ግማሽ ነው። ጽናት ያላቸው የቀድሞ ሴት ተጫዋቾች በአፍሪካ ሞልተዋል። ያጡት ጊዜ ነው። ተሸንፈው የሚማሩበት፣ ተምረው የሚመለሱበት ጊዜ። ኤሊስ ያንን ጊዜ ከአገኙት ጥቂቶች አንዷ ናት። ያገኘችውም በስንት መከራ እንደሆነ ለማየት ከመነሻዋ መጀመር ይሻላል።

በ1963 ኬፕታውን ውስጥ ሶልት ሪቨር በሚባል ሠፈር ተወለደች። ኳስ የለመደችው እንደ ብዙዎቻችን መንገድ ላይ፣ ከወንዶች ልጆች ጋር ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ወደ ሴቶች ክለብ ገባች። አማካይ ነበረች፤ ጨዋታ የምታደራጅ፣ ኳስ ስትይዝ የማትደነግጥ። ችግሩ ከክለብ በላይ የምትወጣበት መሰላል አለመኖሩ ነበር። ፊፋ በአፓርታይድ ምክንያት ደቡብ አፍሪካን በ1961 አገደ፣ በ1976 ደግሞ ጭራሽ አባረረ። አገሪቱ የተመለሰችው በ1992 ነው። የኤሊስ የተጫዋችነት ወርቃማ ዕድሜ ያለቀው በዚያ መሀል ነው። ሃያዎቹን በሙሉ የአገሯን ማሊያ የምትለብስበት አንድም ጨዋታ አልነበረም።

የመጀመሪያው የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ጨዋታ የመጣው ግንቦት 30 ቀን 1993 ነው። ተጋጣሚው ስዋዚላንድ። ኤሊስ 30 ዓመት ሆኗታል። ዛሬ 30 የሞላት ተጫዋች ስለ ቀጣይ ሕይወቷ ማሰብ ትጀምራለች። እሷ ገና መጀመሯ ነበር። ደቡብ አፍሪካ 14 ለ 0 አሸነፈች፤ ኤሊስ ሀትሪክ ሠራች።

ያ ጨዋታ ግን ዋጋ አስከፍሏታል። ሥጋ የሚሸጥበት ድርጅት ውስጥ ቅመም እያዋሃደች ነበር የምትተዳደረው። ለብሔራዊ ቡድን ብላ ሥራዋን እንዳጣች ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። እስቲ አስቡት። ሦስት ጎል አግብታ፣ የታሪኩ የመጀመሪያ ቀን ላይ ስሟ ሰፍሮ፣ ወደ ቤቷ የተመለሰችው ሥራ አጥ ሆና ነው። በዚያ ዘመን ብሔራዊ ቡድን ለሴቶች ደሞዝ አልነበረውም። ክብር ብቻ ነበር፣ ክብር ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፍልም።

በ1994 አምበል ሆነች። እስከ 2002 ድረስም ክንዷ ላይ ያለውን ጨርቅ አላወለቀችም። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ለአገሯ የተጫወተችው 32 ጨዋታ ነው። ይህን ቁጥር ከኋላ ከመጣችው አምበል ከያኒን ቫን ዋይክ ጋር አስተያዩት፤ እሷ ከ180 በላይ ተጫውታለች። ልዩነቱ የችሎታ አይደለም። የኤሊስ ትውልድ ጨዋታ አልነበረውም። ብሔራዊ ቡድኑ በዓመት ጥቂት ጊዜ ይሰበሰባል፣ ይበተናል። ዋንጫ ላይም ዕድል አልቀናውም። በ1995 የአፍሪካ ፍጻሜ በናይጄሪያ በደርሶ መልስ 11 ለ 2 ተሸነፈ። በ2000 አገራቸው አዘጋጅታ እንደገና ፍጻሜ ደረሱ፣ እንደገና ናይጄሪያ። ቮስሉረስ ላይ ናይጄሪያ 2 ለ 0 እየመራች ሳለ ደጋፊው ተቆጥቶ ጠርሙስ ወረወረ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ተቋረጠ።

በ2002 ጫማዋን ሰቀለች። ወደ 40 ተጠግታ ነበር።

አሁን የታሪኩ ብዙም የማይወራለት ክፍል መጣ። ከ2002 እስከ 2014 ድረስ ኤሊስ የብሔራዊ ቡድኑ ዋና ወንበር አካባቢ አልነበረችም። አሥራ ሁለት ዓመት። በኬፕታውን የሴቶች ክለብ አሰልጥናለች፣ በ2010 የወንዶች ዓለም ዋንጫ ጊዜም ከከተማዋ አምባሳደሮች አንዷ ነበረች። የቀድሞ የብሔራዊ ቡድን አምበል ወንድ ቢሆን ይህ ክፍተት በዚህ ያህል ይረዝማል? አይመስለኝም። ጫማውን ሲሰቅል ክለቡ በወጣት ቡድን አሰልጣኝነት ይይዘዋል፣ ፌዴሬሽኑ ለላይሰንስ ስልጠና ይልከዋል፣ ስሙ ራሱ በር ይከፍትለታል። የሴቶች ክለቦች ደግሞ በዚያን ጊዜ ለተጫዋቾቻቸው የትራንስፖርት እንኳ የማይተርፋቸው ናቸው። ከየት አምጥተው አሰልጣኝ ይቅጠሩ?

የቀድሞ ሴት ተጫዋቾች ለምን አሰልጣኝ አይሆኑም ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር ‹ፍላጎት የላቸውም› የሚል መልስ እሰማለሁ። ይህ መልስ ያናድደኛል። የአሰልጣኝነት ላይሰንስ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ሳምንታት ይጠይቃል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በመሀል የምታሰለጥኑት ቡድን ይጠይቃል። ተጫውታ ምንም ያላጠራቀመች ሴት ኮርሱን በምን ትክፈል? ሥራ ካላት ፈቃድ ማን ይስጣት? ልጅ ካላት ማን ይያዝላት? ከተጨዋችነት ወደ አሰልጣኝነት ያለው ድልድይ ለወንዶቹ ተሠርቶ ቆይቷቸዋል። ሴቶቹ ወንዙን በእግራቸው ነው የሚሻገሩት፣ ብዙዎቹም መሀል ላይ ይቀራሉ።

ኤሊስ የተሻገረችው በምክትልነት ነው። በ2014 ሆላንዳዊቷ ቬራ ፓው ባንያና ባንያናን ስትይዝ ኤሊስ ምክትሏ ሆነች። ይህ ትልቅ ዕድል ነበር። ፓው ራሷ የቀድሞ ተጫዋች ናት፣ በአውሮፓ ብሔራዊ ቡድን መርታለች። ኤሊስ የልምምድ ዕቅድ ሲዘጋጅ፣ ተጋጣሚ በቪዲዮ ሲጠና፣ የረጅም ውድድር ካምፕ ሲመራ በቅርብ አየች። ቡድኑ ሪዮ ኦሎምፒክ ሄደ። በስዊድንና በቻይና ተሸንፎ፣ ከብራዚል ጋር ያለ ጎል ተለያይቶ ተመለሰ። ፓው ለቀቀች።

ፌዴሬሽኑ ቡድኑን ለኤሊስ ሰጣት፣ ግን በጊዜያዊነት።

‹ጊዜያዊ› የሚለው ማዕረግ ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። ጊዜያዊ አሰልጣኝ ነገ ማን እንደሚመጣ ሳታውቅ ዛሬ ውጤት ይጠበቅባታል። ረጅም ዕቅድ ማውጣት አትችልም። ወጣት ተጫዋች አስገብታ መታገስ አትችልም፣ ፍሬውን ሌላ ሰው ሊበላው ነውና። ተጫዋቾቹም ያውቁታል። ኤሊስ በዚህ ስም ከአንድ ዓመት በላይ ቆየች። በ2016 መጨረሻ ካሜሩን ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጣች። በ2017 የደቡባዊ አፍሪካ አገሮችን የኮሳፋ ዋንጫ አነሳች። ቋሚ አሰልጣኝ ተብላ የተሾመችው በ2018 መጀመሪያ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ጋና ላይ የሆነው ነገር ሹመቱ ዘግይቶ እንደነበር አሳየ። ባንያና ናይጄሪያን በምድብ 1 ለ 0 አሸነፈች። ኢኳቶሪያል ጊኒን 7 ለ 1። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ማሊን 2 ለ 0 አሸንፋ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። አክራ ላይ በፍጻሜው ከናይጄሪያ ጋር ያለ ጎል ጨርሳ በመለያ ምት 4 ለ 3 ተሸነፈች። የአፍሪካ የሴቶች የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ሽልማት ለኤሊስ ተሰጠ። በ2019፣ በ2022 እና በ2023ም ደግማዋለች።

ከዚያ ፈረንሳይ። ከዚያ ቦትስዋና። እዚህ ላይ ነው ፌዴሬሽኑ ያልተለመደ ነገር ያደረገው፤ ምንም አላደረገም። እሷን አላነሳም። ያ ፌዴሬሽን በሌላ ጉዳይ ወቀሳ ይገባዋል፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። በዚህኛው ግን ልክ ነበር።

ጊዜውን ምን አደረገችበት? ፈረንሳይ ላይ የታየው ድክመት የጉልበትና የጨዋታ ፍጥነት ነበር። አብዛኞቹ ተጫዋቾቿ በአገር ውስጥ ነበሩ፣ ሳምንት በሳምንት ጠንካራ ጨዋታ አያገኙም። ልክ በ2019 የአገሪቱ ብሔራዊ የሴቶች ሊግ ተጀመረ። ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የመጀመሪያውን የአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ በ2021 አነሳ። ቴምቢ ክጋትላና እና ሌሎችም ወደ ውጭ ወጡ። ኤሊስ እነዚህን ልጆች አብዛኞቹን ከምክትልነት ዘመኗ ጀምሮ ታውቃቸዋለች። የትኛዋ ስትናደድ እንደምትጠፋ፣ የትኛዋ በጭንቅ ሰዓት ኳስ እንደምትፈልግ። ይህ ዕውቀት በሦስት ወር አይገኝም። የውጭ አሰልጣኝ ሲመጣ የመጀመሪያ ዓመቱን የሚያጠፋው በዚህ ነው።

ለውጡ መጀመሪያ የታየው ሌጎስ ላይ ነው። በ2021 በተዘጋጀ የወዳጅነት ውድድር ናይጄሪያን በገዛ ሜዳዋ 4 ለ 2 አሸነፉ። ኤሊስ በተጫዋችነት በ11 ለ 2 ድምር የወደቀችበት ቡድን ነው።

ቀጥሎ ሞሮኮ፣ ሐምሌ 2022። በመጀመሪያው ጨዋታ ናይጄሪያ 2 ለ 1 ተሸነፈች። ብሩንዲ 3 ለ 1፣ ቦትስዋና 1 ለ 0። በቦትስዋናው ጨዋታ ግን ከባድ ነገር ደረሰ። የቡድኑ ፈጣኗና አስፈሪዋ አጥቂ ክጋትላና የተረከዝ ጅማቷ ተበጠሰ። ውድድሩ ለእሷ አለቀ። አንድ ቡድን በአንዲት ተጫዋች ላይ የቆመ ከሆነ የሚወድቀው እንዲህ ባለው ቀን ነው። ባንያና አልወደቀችም። ቱኒዚያን 1 ለ 0። ዛምቢያን በባከነ ሰዓት ሊንዳ ሞትላሎ በመታችው ፍፁም ቅጣት ምት 1 ለ 0።

ፍጻሜው ሐምሌ 23 ራባት ላይ ነበር። ስታዲየሙ በሞሮኮ ደጋፊ ጢም ብሏል። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። በ63ኛው ደቂቃ ሂልዳ ማጋያ አገባች። በ71ኛው እንደገና ማጋያ። በ80ኛው ሮዜላ አያን ለሞሮኮ አንድ መለሰችና የቀሩት ደቂቃዎች የጭንቅ ሆኑ። 2 ለ 1 አለቀ።

ደቡብ አፍሪካ ከዚያ በፊት አምስት ጊዜ ፍጻሜ ደርሳ አምስቱንም ተሸንፋለች፤ በ1995፣ በ2000፣ በ2008፣ በ2012 እና በ2018። ከአምስቱ በሁለቱ ኤሊስ ተጫዋች ነበረች፣ በአንዱ ዋና አሰልጣኝ። ዋንጫውን ስታነሳ 59 ዓመቷ ነበር።

ሽልማቱ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። የ2022 የሴቶች ሻምፒዮን የወሰደው 500 ሺህ ዶላር ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የወንዶቹን የአፍሪካ ዋንጫ ያሸነፈችው ሴኔጋል 5 ሚሊዮን ዶላር አግኝታለች። አሥር እጥፍ። ለሴቶቹ ለቀጣዩ ውድድር ወደ 1 ሚሊዮን ከፍ ተደርጓል፣ ያም ቢሆን ርቀቱ ርቀት ነው።

ገንዘብ ከተነሳ ደግሞ 2023ን ማለፍ አይቻልም። ፌዴሬሽኑን እወቅሰዋለሁ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ለሁለተኛው የዓለም ዋንጫ ወደ ኒውዚላንድና አውስትራሊያ ከመሄዳቸው በፊት ባንያናዎች ከቦትስዋና ጋር የመሸኛ ጨዋታ ነበራቸው። ተጫዋቾቹ አንጫወትም አሉ። አንደኛው ምክንያት ክፍያና ውል ነው። ፊፋ ለእያንዳንዷ ተጫዋች ቢያንስ 30 ሺህ ዶላር እንደሚደርሳት ቃል ገብቶ ነበር፤ እነሱ በዚህ ላይ የራሳቸው ፌዴሬሽን የሚከፍለውን በወረቀት እንዲያሰፍርላቸው ፈለጉ። ሁለተኛው ሜዳው ነው፤ ለዓለም ዋንጫ ቀናት ሲቀሩ እዚያ ላይ መጫወት ጉዳት መጥራት ነው አሉ። ፌዴሬሽኑ በእልህ ከአገር ውስጥ ሌላ ቡድን ለቃቅሞ አሰለፈ። ከመካከላቸው የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። 5 ለ 0 ተሸነፉ።

የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን መሸኛው ይህ ነበር። በመጨረሻ የደቡብ አፍሪካዊው ባለሀብት የፓትሪስ ሞትሴፔ ፋውንዴሽን 6 ሚሊዮን ራንድ ሰጥቶ ነገሩ በረደ። ተጫዋቾቹ ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ሃያ ዓመት ‹ክብሩ ይበቃችኋል› ሲባሉ የኖሩ ሰዎች አንድ ቀን ወረቀት አምጡ ቢሉ ምኑ ያስገርማል?

የአሰልጣኟ ቦታ ግን በጣም ጠባብ ነበር። ቀጣሪዋ ፌዴሬሽኑ ነው፣ ሜዳ ላይ የሚታገሉላት ልጆቹ ናቸው። እሷ ራሷ ደግሞ ለዚህ ማሊያ ብላ ሥራ ያጣች ሴት ናት። ከአንዱ ጋር ብትቆም ሌላውን ታጣለች። በእንዲህ ያለ ሳምንት ብዙ ቡድኖች ፈርሰዋል። እሷ አብራቸው አውሮፕላን ተሳፈረች፣ ቡድኑም አንድ ሆኖ ደረሰ። የተጫዋችነት ታሪኳ የሠራው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የ1993ቱን ታሪክ ለሚያውቁ ልጆች፣ እሷ ‹እንሥራ› ስትል ከቢሮ የመጣ ሰው ትዕዛዝ አይደለም።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከስዊድን ጋር ነው። ማጋያ ገና ከእረፍት እንደተመለሱ አገባች። ስዊድን አቻ ሆነች፣ በ90ኛው ደቂቃ ደግሞ አሸነፈች፤ 2 ለ 1። ከአርጀንቲና ጋር 2 ለ 0 እየመሩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጎል ተቆጠረባቸው፤ 2 ለ 2። እንግዲህ ሁለት ጨዋታ፣ አንድ ነጥብ፣ ሁለቱንም መርተው የተነጠቁት። ለ2019ኙ ቡድን ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

ሦስተኛው ጨዋታ ዌሊንግተን ላይ ከጣሊያን ጋር። ለጣሊያን አቻ ይበቃታል። ጣሊያን በፍፁም ቅጣት ምት ቀደመች። ጣሊያናዊቷ ተከላካይ በራሷ ላይ አግብታ አቻ ሆኑ። ማጋያ ሁለተኛውን አከለች። ጣሊያን በ74ኛው ደቂቃ መለሰች፤ 2 ለ 2። ሰዓቱ እያለቀ ነው። በ92ኛው ደቂቃ ማጋያ ኳሱን ለክጋትላና አቀበለቻት። ያቺ ከአንድ ዓመት በፊት ጅማቷ የተበጠሰባት ክጋትላና። ከዚያ ጨዋታ በፊት በነበሩት ሳምንታት ከቤተሰቧ ሦስት ሰው ሞቶባት፣ ለቀብር አልሄድም ብላ ከቡድኑ ጋር የቆየች። አገባችው። 3 ለ 2።

በጥሎ ማለፉ ሲድኒ ላይ በሆላንድ 2 ለ 0 ተሸነፉ። ባንያና በዚያ ጨዋታ ያመከነቻቸው ዕድሎች ዛሬም ያስቆጫሉ። ቢሆንም ከአራት ዓመት በፊት በጀርመን አራት የገባበት ቡድን ከዓለም ምርጥ ቡድኖች ጋር እኩል ሲተናነቅ አይተናል።

አሁን ወደ ሰፊው ሥዕል ልውሰዳችሁ። በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ከ32 ቡድኖች በሴት አሰልጣኝ የመጡት 12 ናቸው። አፍሪካ አራት ቡድን ላከች። ናይጄሪያን አሜሪካዊው ራንዲ ዋልድረም፣ ሞሮኮን ፈረንሳዊው ሬናልድ ፔድሮስ፣ ዛምቢያን ብሩስ ምዋፔ ይመሩ ነበር። ሴት ኤሊስ ብቻ። በ2019ም ከሦስቱ የአፍሪካ ቡድኖች ሴት አሰልጣኝ የነበረው የእሷው ብቻ ነው። ሁለት ዓለም ዋንጫ፣ አንዲት ሴት።

‹ሴቶቹ ስለማይችሉ ነው› የሚል ካለ የሚከተለውን ይስማ። ናይጄሪያ በ2010 የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው በቀድሞ ተጫዋቿ በዩካሪያ ኡቼ ነው። በ2016ም ያነሳችው በቀድሞ አምበሏ በፍሎረንስ ኦማግቤሚ ነው። የኦማግቤሚ ነገር ለእኔ የኤሊስ ታሪክ መስታወት ነው። ዋንጫውን ይዘው አቡጃ ሲመለሱ ተጫዋቾቹ ጉርሻቸው ስላልተከፈለ ከሆቴል አንወጣም ብለው ተቀመጡ። ቡድኑ 2017ን ያለ ጨዋታ አሳለፈ። በ2018 መጀመሪያ ላይ ስዊድናዊው ቶማስ ዴነርቢ ተሾመ። ልብ በሉ፤ ኦማግቤሚ ያሸነፈች ናት። በዚያው 2016 ውድድር ኤሊስ በጊዜያዊነት አራተኛ ወጥታ ነበር። አራተኛዋ ቀጠለች፣ አንደኛዋ ቀረች። የሁለቱን ሴቶች ችሎታ በዚህ መለካት አይቻልም። የለካነው ፌዴሬሽኖቹን ነው።

በአውሮፓም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። የሆላንድ የቀድሞ አምበል ሳሪና ቪግማን የስፖርት መምህርት ሆና ኖራ፣ ክለብ አሰልጥና፣ የብሔራዊ ቡድኑ ምክትል ሆና፣ በጊዜያዊነትም ተሞክራ ነው በ2017 የአውሮፓ ዋንጫን ያነሳችው። ከዚያ እንግሊዝን ይዛ በ2022 እና በ2025 ደገመችው። መንገዱ ከኤሊስ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ የቪግማን መንገድ ላይ ደሞዝና የስልጠና ማዕከል መኖሩ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህ ታሪክ የሚነካን ቦታ አለው። በ2004 የአፍሪካ የሴቶች ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ላይ ተዘጋጀ። አዘጋጇ ባንያና ከምድቧ ማለፍ አቃታት። ከዚያው ምድብ ግማሽ ፍጻሜ የደረሱት ጋናና የእኛ ሉሲዎች ናቸው። ኢትዮጵያ አራተኛ ሆና ጨረሰች። ማለትም ከሃያ ዓመት በፊት፣ በእነሱው ሜዳ፣ እኛ ከፊታቸው ነበርን። ሉሲዎች ወደዚህ ውድድር ለመጨረሻ ጊዜ ያለፉት በ2012 ነው።

ደቡብ አፍሪካ እዚህ ለመድረስ ምን ሠራች? ፕሪቶሪያ ላይ ታዳጊ ሴቶች እየተማሩ የሚሰለጥኑበት ማዕከል አቆመች። ከ2009 ጀምሮ ሳሶል የተባለው ኩባንያ ሳያቋርጥ ብሔራዊ ቡድኑንና የክፍለ ሀገር ሊጉን ስፖንሰር አደረገ። ከዚያ አሰልጣኟን አቆየች። ተዓምር የለበትም። ሁሉም ሊደረግ የሚችል ነው።

እኛ ጋ ችሎታ ጎድሎ አይደለም። በ2024 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች ቡድን አዲስ አበባ ላይ የቀጠናውን ማጣሪያ አሸንፎ ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ አልፏል። እኔ የምጠይቀው ስለ 2004ቱ ልጆች ነው። አፍሪካ ውስጥ አራተኛ የወጣ ቡድን ተጫዋቾች ዛሬ አርባዎቹ ውስጥ ናቸው። ለአሰልጣኝነት ትክክለኛው ዕድሜ ነው። ከነሱ ውስጥ ስንቱን ለላይሰንስ ስልጠና ላክን? ስንቱን በወጣት ቡድን ምክትል አደረግን? ስንቱስ ከአንድ የተበላሸ ውድድር በኋላ ሁለተኛ ዕድል አገኘች? እነዚህ ጥያቄዎች ለፌዴሬሽናችንም፣ ለክለቦቻችንም ናቸው። ለእኛ ለደጋፊዎችም ጭምር፣ ሽንፈት በመጣ ቁጥር አሰልጣኝ ይውረድ ብለን የምንጮኸው እኛው ነንና።

ማቆየት ማለት አለመተቸት አይደለም። ኤሊስም የምትተችበት አላት። በ2024 ለፓሪስ ኦሎምፒክ ማጣሪያ በናይጄሪያ በድምር 1 ለ 0 ተሸንፋ ቀርታለች። በሁለት ዙር ኦሎምፒክ አመለጣት ማለት ነው። በሐምሌ 2025 ሞሮኮ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ሻምፒዮንነቷን ማስጠበቅ አልቻለችም። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ናይጄሪያ በመጨረሻ ደቂቃዎች ጎል 2 ለ 1 አሸነፈቻት። ለሦስተኛ ደረጃ ደግሞ ጋና በመለያ ምት። የ2018ቱ ትውልድ እየገፋ ነው፣ ተተኪዎች ቀድመው መግባት ነበረባቸው የሚሉ ሰዎች አሉ። ነጥብ አላቸው። ታማኝ አሰልጣኝ ለታመኑላት ተጫዋቾች ከሚገባው በላይ ታማኝ ልትሆን ትችላለች።

ግን ይህ ክርክር ራሱ ምን ያህል እንደተራመዱ ያሳያል። የሚከራከሩት ስለ አሰላለፍ፣ ስለ ተተኪ፣ ስለ ዕድሜ ነው። ሴት ታሰልጥን ወይስ አታሰልጥን የሚለው ጉዳይ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘግቷል። ሌላዋ የቀድሞ የባንያና ተጫዋች ሲምፊዌ ድሉድሉ ከ17 ዓመት በታች ቡድኑን ይዛ በ2018 ኡራጓይ ላይ የዓለም ዋንጫ ተጫውታለች። ኤሊስ ወንበሩን የምትለቅበት ቀን ሲመጣ የሚቀጥለውን ስም ውጭ አገር ሄዶ መፈለግ ግድ አይሆንም።